ጣራው የእንግዳ፣ መሬቱ የባላገር

በታይላንድ ጠቅላይ ግዛቶች ቤት ስለሚፈልጉ የውጭ አገር ሰዎች

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር ለመኖር ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ምግብ አይደለም፤ ምግብ በየገበያው ይገኛል። ቋንቋም ቢሆን ቀስ በቀስ ይለመዳል። የሚያስጨንቀው ማታ ገብቶ የሚያድርበት፣ ዕቃውን ቈልፎ የሚወጣበት፣ ሹም ቢጠይቀው «መኖሪያዬ ይህ ነው» ብሎ የሚያመለክተው ቤት ነው። የቤት ነገር ደግሞ የግድግዳና የጣራ ነገር ብቻ አይደለም። ቤት በመሬት ላይ ይቆማል፤ መሬት በሕግ ሥር ነው፤ ሕግም የአንድ ሕዝብ ታሪክ፣ ፍርሃትና ተስፋ የሚነበብበት መዝገብ ነው። ስለዚህ አንድ አገር ለእንግዳ ምን ያህል በሩን እንደሚከፍት ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ እንግዳው ቤት ሲፈልግ የሚደርስበትን ቢመረምር ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሣንበት ምክንያት አለን። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል በመርሕ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ሰዎች በተወሰነ ሁኔታ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ወይም ባለይዞታ የሚሆኑበትን አዋጅ አጽድቋል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ በሕገ መንግሥቱ እንደ ተጻፈ ሆኖ፣ ቤቱ ለእንግዳው ሊፈቀድ ነው ማለት ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው ይህን አዋጅ የሚተረጕሙትና በሥራ ላይ የሚያውሉት የዛሬዎቹ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ስለ ሆኑ፣ ይኸንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገላብጥ የኖረ አንድ አገር ያገኘውን ትምህርት መመልከት ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን።

ያ አገር በቀድሞ ስሙ ሲያም ይባል የነበረው ታይላንድ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ታይላንድም በቅኝ ግዛት ቀንበር ሥር ሳይወድቅ የኖረ ነው። የዘመን አቈጣጠሩም የራሱ ሲሆን፣ እኛ ከኤውሮፓውያን ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስንሆን እነርሱ 543 ዓመት ወደ ፊት ናቸው፤ በ2025 የተጻፈ የኪራይ ውል 2568 የሚል ቀን ይዞ ይገኛል። እኛ ዘወትር «ፈረንጅ» የምንለውን ነጭ የውጭ አገር ሰው እነርሱም «ፋራንግ» ይሉታል፤ ሁለቱም ቃላት ከአንድ ምንጭ፣ «ፍራንክ» ከሚለው የጥንት የሕዝብ ስም፣ በፋርስና በዐረብ ነጋዴዎች አፍ ተሻግረው የመጡ ናቸው። አንባቢ እንዳይደናገር፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን። የምንናገረውም ስለ ባንኮክ ሳይሆን ከዋና ከተማው ውጭ ስላሉት 76 ጠቅላይ ግዛቶች ነው፤ የሕግ ፍሬ በእርግጥ የሚታየው በዚያ ነውና።

ነገርን ከሥሩ

በ1855 የሲያም ንጉሥ ሞንግኩት ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሰር ጆን ቦውሪንግ ጋር አንድ የንግድ ውል ተፈራረሙ። በዚህ ውል መሠረት የእንግሊዝ ዜጋ ከባንኮክ ቅጥር አራት ማይል ክልል ውስጥ ቦታ መከራየት ሲፈቀድለት፣ ለመግዛት ግን ዐሥር ዓመት መቀመጥ ወይም የመንግሥት ልዩ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ከዚያ ክልል ወጣ ብሎ፣ በአገሩ ጀልባ የሃያ አራት ሰዓት ጉዞ እስከሚያደርስ ድረስ ባለው ምድር ግን ቤትም መሬትም መግዛት ይችል ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። በዚሁ ውል የእንግሊዝ ዜጋ የሚዳኘው በሲያም ዳኛ ሳይሆን በራሱ ቆንሲል ፊት ነበር። ሌሎችም መንግሥታት ተከታትለው ይህንኑ የመሰለ ውል አገኙ። እንግዲህ መሬቱ በሲያም ምድር ሆኖ የመሬቱ ጌታ ከሲያም ሕግ ውጭ ሲሆን፣ መንግሥት በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ሲያም ይህን ቀንበር ከጫንቃዋ ለማውረድ ብዙ ዋጋ ከፍላለች። በ1909 በእንግሊዝ ዜጎች ላይ የመፍረድ ሥልጣኗን ለማስመለስ ስትል ኬዳን፣ ኬላንታንን፣ ትሬንጋኑንና ፔርሊስን፣ አራት የደቡብ ግዛቶችን፣ ለእንግሊዝ ለቃለች። የቀረው የቆንሲሎች ሥልጣን ፈጽሞ የተወገደው በ1930ዎቹ ዓመታት ነው።

ከዚህ የተነሣ በታይላንድ የመሬት ነገር የኢኮኖሚ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልታየም። በ1954 የወጣው የመሬት ሕግ የውጭ አገር ሰው መሬት ሊይዝ የሚችለው በመንግሥታት መካከል በተደረገ ውል ሲፈቀድ ብቻ ነው አለ። በ1970 መንግሥት እነዚህ ውሎች እንዲቋረጡ ስላስታወቀ፣ በሩ በሕግ ሳይዘጋ በሥራ ተዘጋ። አንቀጹ አለ፤ የሚያስገባ ውል ግን የለም። ዛሬ በቺያንግ ማይ ወይም በኡዶን ታኒ ቤት የሚፈልግ ጡረተኛ የሚገፋው በር ይኸው ነው።

የተከፈቱት ጠባብ በሮች

መሬት ከተከለከለ የውጭ አገር ሰው እንዴት ቤት ያገኛል? ሕጉ አንዳንድ ጠባብ በሮችን ትቷል።

የመጀመሪያው ኮንዶሚኒየም ነው። በ1979 የወጣው የኮንዶሚኒየም ሕግ ከጊዜ በኋላ ተሻሽሎ፣ የውጭ አገር ሰዎች በአንድ ሕንጻ ውስጥ ካለው የመኖሪያ ስፋት እስከ 49 ከመቶ ድረስ በስማቸው እንዲይዙ ፈቅዷል። ገዢው ገንዘቡን ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ያስገባ መሆኑን የባንክ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ዳሩ ግን ኮንዶሚኒየም የባንኮክ፣ የፓታያ፣ የፑኬትና የመሰሉት ከተሞች ነገር ነው። በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች ሰው የሚኖረው በግቢ ቤት፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ በሆነ ተያያዥ ቤት፣ ወይም በአጥር በተከለለ መንደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ሕጉ የፈቀደው ቤት በዚያ ሥፍራ እምብዛም የለም፤ በዚያ ሥፍራ ያለውን ቤት ደግሞ ሕጉ አልፈቀደም።

ሁለተኛው ረጅም ኪራይ ነው። የታይላንድ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ ኪራይን እስከ 30 ዓመት ይፈቅዳል። ከሦስት ዓመት የሚበልጥ ኪራይ ሁሉ በጽሑፍ ሆኖ በመሬት መሥሪያ ቤት ካልተመዘገበ፣ በፍርድ ቤት የሚጸናው ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ተመዝግቦ ከሆነ ግን ባለቤቱ መሬቱን ለሌላ ቢሸጥ እንኳ ተከራዩ አይነቀልም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አንዳንድ ሻጮች «30፣ እንደ ገና 30፣ እንደ ገናም 30፤ በድምሩ 90 ዓመት» እያሉ ያስተዋውቃሉ። ሕጉ የሚያውቀው ግን የመጀመሪያውን 30 ዓመት ነው። ውሉን ለማደስ የተሰጠ ተስፋ የሰጪው የግል ቃል እንጂ በመሬቱ ላይ የተጻፈ መብት ስላልሆነ፣ መሬቱ ለሌላ ባለቤት ሲተላለፍ ተስፋው አብሮ አይተላለፍም። ተከራዩም ቢሞት፣ ወደ ወራሾቹ እንዲተላለፍ በውሉ ካልተጻፈ በቀር ኪራዩ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። በሃምሳ ዓመት ዕድሜው የገባ ሰው በሰማንያ ዓመቱ ውጣ ሊባል ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቤቱን ከመሬቱ ለይቶ መያዝ ነው። የውጭ አገር ሰው መሬት ባይፈቀድለትም የሕንጻ ባለቤት መሆን ይችላል። በተከራየው መሬት ላይ በራሱ ስም ፈቃድ አውጥቶ ቢሠራ ቤቱ የእርሱ ነው። የተሠራ ቤት ለመግዛት ቢፈልግም የሽያጩ ማስታወቂያ 30 ቀን ተለጥፎ ተቃዋሚ ካልቀረበ ይዛወርለታል። ርእሳችንን ያገኘነውም ከዚህ ነው፤ ጣራው የእንግዳ፣ መሬቱ የባላገር።

አራተኛው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ «አላባ» የሚለው መብት ነው። ታይላንዶች «ሲት ኬፕ ኪን» ይሉታል፤ በቁሙ ሲፈታ «ሰብስቦ የመብላት መብት» ማለት ነው። ባለመብቱ በሕይወቱ ሙሉ ወይም እስከ 30 ዓመት በሌላ ሰው መሬት ሊኖርበትና ፍሬውን ሊበላ ይችላል፤ ሲሞት ግን መብቱ ያበቃል።

በ1999 ደግሞ አምስተኛ በር ተጨመረ። 40 ሚሊዮን ባት በተወሰኑ የሥራ መስኮች ላይ ያዋለ የውጭ አገር ሰው በአገር ግዛት ሚኒስትሩ ፈቃድ አንድ ራይ መሬት፣ ማለት 1,600 ካሬ ሜትር፣ ለመኖሪያ ሊይዝ ይችላል። በዚህ በር የገቡት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የወጣበት ዓመት ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። በሐምሌ 1997 የባት ዋጋ ወድቆ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ተነሥቶ ነበር፤ ሕንጻዎች ገዢ አጥተው በግማሽ ሥራ ቆሙ፤ መንግሥትም ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ተበደረ። የኮንዶሚኒየም ሕግ የበለጠ የላላውም በዚያው በ1999 ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ መንግሥታት ለእንግዳ በር የሚከፍቱት ብዙ ጊዜ የእንግዳ ፍቅር ሲይዛቸው ሳይሆን ካዝናቸው ሲጐድል መሆኑን ነው። በችግር ቀን የተከፈተ በር በጥጋብ ቀን እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ የእንግዳውም የሹሙም ፈንታ ነው።

በርስትና በሚስት ቀልድ የለም

ኢሳን የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ከአገሩ ድኻ ክፍሎች አንዱ ነው። በቪየትናም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በኡዶን ታኒ፣ በናኮን ራቻሲማ፣ በኡቦንና በናኮን ፓኖም የአየር ኀይል ሠፈሮች ነበሩት፤ እስከ 1976 ድረስም ወታደሮቹ ወጡ። የተጀመረው ጋብቻ ግን አልቆመም። ዛሬ በእነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች በእንጨት ምሰሶ ላይ ከቆሙት የጥንት ቤቶች አጠገብ የጀርመን፣ የእንግሊዝ ወይም የስዊድን ጡረተኛ ለሚስቱ ያሠራው ትልቅ የሲሚንቶ ቤት ማየት የተለመደ ነው።

ቀድሞ የውጭ አገር ሰው ያገባች ታይላንዳዊት ሴት ራስዋ መሬት መግዛት ትከለከል ነበር። ይህ ደንብ በ1999 ተሻረ። አሁን ትገዛለች፤ ነገር ግን ባልና ሚስት አብረው የመሬት መሥሪያ ቤት ቀርበው ገንዘቡ የሚስቲቱ የግል ገንዘብ መሆኑን በፊርማቸው ያረጋግጣሉ። ባልየው በዚያች ፊርማ፣ ገንዘቡ በእርግጥ የእርሱ ቢሆንም እንኳ፣ በመሬቱ ላይ ምንም ክርክር እንደሌለው ይመሰክራል። «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» የሚለው የአበው ቃል እዚህ ላይ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኝተው ይታያሉ።

አንዳንድ ባሎች ለመተማመኛ ከሚስታቸው የአላባ መብት ያስመዘግባሉ። ይህም ቢሆን ሙሉ ጋሻ አይደለም። በጋብቻ ጊዜ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን የንብረት ውል ከሁለቱ አንዱ በጋብቻው ጊዜ ወይም ጋብቻው በፈረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያፈርሰው እንደሚችል ሕጉ ይናገራል። እንግዲህ የባልየው መተማመኛ መጨረሻው ጋብቻው ራሱ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ሕጉን ጨካኝ ይለው ይሆናል። ነገር ግን በኢሳን ባህል ሙሽራው ወደ ሚስቱ ወላጆች ግቢ ገብቶ መኖሩ፣ የወላጆቹንም ቤት ብዙ ጊዜ ታናሺቱ ሴት ልጅ መውረስዋ የቈየ ልማድ ነው። የአገሩ ተወላጅ የሆነው አማችም በሚስቱ ዘመዶች መሬት ላይ የሚኖር እንግዳ ነበር። የባሕር ማዶው ባል የሚያማርረው ሁኔታ ለመንደሩ ሰው አዲስ አይደለም። አንድን ሕግ ከመንቀፍ በፊት በሥሩ ያለውን ልማድ መመርመር ተገቢ መሆኑን ተማሪዎቻችን ከዚህ ይረዳሉ።

ወረቀቱና ገበያው

በጠቅላይ ግዛት ከተማ የሚከራይ ቤት የሚገኘው በደላላ ቢሮ ብቻ አይደለም። በቺያንግ ማይ፣ በፑኬትና በሁዋ ሂን የውጭ አገር ቋንቋ የሚያውቁ ደላሎች ሞልተዋል፤ በሌሎቹ ከተሞች ግን በአጥር በር ላይ በታይ ፊደል የተጻፈች «የሚከራይ» የምትል ሰሌዳና የስልክ ቍጥር ናት። ፊደሉን የማያውቅ እንግዳ በመቶ ሰሌዳ ፊት አልፎ «ቤት ጠፋ» ይላል። የአገሩን ቋንቋ መማር ከጨዋነት በላይ የገንዘብ ጥቅም እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ቤቱ ከተገኘ በኋላ በልማድ የሁለት ወር ኪራይ መያዣና የአንድ ወር ኪራይ ቅድሚያ ይጠየቃል። በ2018 የሸማቾች ጥበቃ አካል ባወጣው ደንብ ብዙ ክፍሎችን የሚያከራዩ ሰዎች ከአንድ ወር በላይ መያዣ እንዳይቀበሉ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብም ከትክክለኛው ታሪፍ በላይ እንዳያስከፍሉ ተከልክለዋል፤ ደንቡም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ነገር ግን ደንቡ ሲወጣ የተመለከተው አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ያላቸውን አከራዮች ሲሆን፣ በጠቅላይ ግዛት ያለው አከራይ ብዙ ጊዜ አንድ ትርፍ ቤት ያለው መምህር ወይም ነጋዴ ነው። ሕጉ ትልቁን ሲይዝ ትንሹ በጣቶቹ መካከል ሾልኮ ወጣ። ስለዚህ መያዣው በምን ምክንያት እንደሚቀነስ፣ የመብራቱ ቈጣሪ በመግቢያው ቀን ስንት እንደ ነበረ፣ የፈረሰውን ማን እንደሚጠግን በውሉ ላይ ማስፈር የተከራዩ ፈንታ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

የረጅም ጊዜ ውል ለሚያደርግ ሰው ደግሞ ከቤቱ ይልቅ የመሬቱን ወረቀት መመርመር ይቀድማል። በታይላንድ ባለቀይ ጋሩዳ ማኅተም ያለው «ቻኖት» ሙሉ የባለቤትነት ማስረጃ ነው፤ መሬቱ በትክክል ተለክቶ በየማዕዘኑ ቍጥር ያለው የድንበር ምሰሶ ተተክሎበታል። ባለአረንጓዴውና ባለጥቍሩ ጋሩዳ የይዞታ ማስረጃዎች ሲሆኑ በጥንካሬ ከቻኖት ያንሳሉ። ከእነዚህ በታች ግብር ስለ መከፈሉ ብቻ የሚመሰክር ደረሰኝ አለ፤ የዋህ እንግዳ እርሱን ይዞ ባለካርታ ነኝ ሊል ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው በመሬት ማሻሻያ ሕግ መሠረት ለድኻ ገበሬዎች የተሰጠው፣ የማይሸጠው መሬት ነው። በ1995 በፑኬት ይህን የመሰለ መሬት ለሀብታም ቤተ ሰቦች ተሰጥቶ በመገኘቱ በተነሣው ነቀፋ የጠቅላይ ሚኒስትር ቹዋን ሊክፓይ መንግሥት ወድቋል። በአንድ ደሴት ላይ የተሰጠ አንድ ወረቀት መንግሥትን እስከ መጣል እንደሚደርስ ወጣት ሹማምንት ልብ ይበሉት።

ቤቱ ከተያዘ በኋላም ነገሩ አያበቃም። በ1979 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የቤቱ ጌታ የውጭ አገር ሰው በቤቱ ባደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሹም እንዲያስታውቅ ያዛል። እንግዳው ራሱ ደግሞ በየ90 ቀኑ አድራሻውን ያስታውቃል። አንዳንድ አከራይ የኪራይ ገቢው በግብር መሥሪያ ቤት እንዳይታወቅበት ሲሰጋ ማስታወቁን ቸል ይላል፤ ቅጣቱ ግን ተከራዩ ፈቃዱን ለማሳደስ በቀረበ ቀን ይገለጣል። በ2019 ይህ ደንብ በብርቱ መሠራት ሲጀምር በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች ቅሬታ ተሰማ፤ በ2020 ወደዚያው ቤት ለሚመለስ ሰው ላላ ተደረገ። አንድ ደንብ ግዴታውን በአንዱ ላይ ጭኖ ጕዳቱን በሌላው ላይ ሲያሳርፍ እንደዚህ ያለ መጨናነቅ መምጣቱ አይቀርም።

የአየሩም ጠባይ የቤቱ ዋጋ ክፍል ነው። በቺያንግ ማይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የእርሻና የደን ቃጠሎ ጢስ ከተማውን ይሸፍነዋል፤ በጥቅምት 2024 ደግሞ የፒንግ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን አጥለቅልቆ ነበር። በጥር ወር በጠራ ሰማይ ሥር ቤት አይቶ የዓመት ውል የሚፈርም ሰው የሚከራየው የጥርን ወር ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለት ዐይነት እንግዳ

እስካሁን የተናገርነው ገንዘብ ስላለው እንግዳ ነው። ታይላንድ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነው ጡረተኛ የዓመት ፈቃድ ስትሰጥ 800,000 ባት በባንክ ወይም 65,000 ባት የወር ገቢ እንዲያሳይ ትጠይቃለች። በሌላ በኩል በ2025 መጀመሪያ የተወሰነው ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ እንደ ጠቅላይ ግዛቱ ከ337 እስከ 400 ባት ነበር። በወር 26 ቀን የሚሠራ ሰው በከፍተኛው ተመን 10,400 ባት፣ በዝቅተኛው ደግሞ 8,762 ባት ያገኛል። የአንዱ ጡረተኛ ገቢ የስድስት ወይም የሰባት ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ አንድ ቤት ቢፈልጉ አከራዩ ለማን እንደሚያከራይ መንገር አያስፈልግም። የባላገሩ ቅሬታም ከዚህ ይመነጫል።

ዳሩ ግን በታይላንድ የሚኖረው የውጭ አገር ሰው አብዛኛው ጡረተኛ አይደለም። ከምያንማር፣ ከካምቦዲያና ከላዎስ ለሥራ የመጣ ወዛደር ነው። ዓሣ የሚያጥበው፣ ሕንጻ የሚሠራው፣ ጐማ የሚያለበው እርሱ ነው። እርሱ ሲመጣ ስለ ቻኖትና ስለ 30 ዓመት ኪራይ የሚያማክረው ጠበቃ የለም። የሚያድረው በሥራው ቦታ በቆርቆሮ በተሠራ ሠፈር ወይም ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚተኛበት የሠራተኞች ማደሪያ ነው። ሥራው ሲቆም ቤቱም ይቆማል። በታኅሣሥ 2020 በሳሙት ሳኮን የሽሪምፕ ገበያ የኮሮና በሽታ በተገኘ ጊዜ፣ በገበያው አጠገብ ባለው ማደሪያ የሚኖሩ በሺህ የሚቈጠሩ የምያንማር ሠራተኞች በሽቦ አጥር ተከበው እንዳይወጡ ተደርገዋል። የበሽታው መተላለፍ ከመኖሪያቸው መጨናነቅ ጋር የተያያዘ መሆኑ ግልጽ ሳለ፣ ወቀሳው በመኖሪያው ሳይሆን በነዋሪዎቹ ላይ ወረደ።

እንግዲህ ስለ «የውጭ አገር ሰው» መኖሪያ ሲነገር ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው የሚያስጨንቀው መሬቱ በስሙ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው የሚያስጨንቀው በሩ ከውጭ መቈለፉ ነው። ጋዜጦችና ምክር ቤቶች ብዙውን ጊዜ ስለ ፊተኛው ሲከራከሩ ይሰማሉ፤ ቍጥሩ የበዛው ግን ኋለኛው ነው።

የክርክሩ መጨረሻ ያልታየ ነው

በጥቅምት 2022 የጠቅላይ ሚኒስትር ፕራዩት ቻን ኦቻ ካቢኔ 40 ሚሊዮን ባት የሚያፈስሱ የውጭ አገር ሰዎች አንድ ራይ መሬት የሚይዙበትን መንገድ የሚያቀልል ረቂቅ በመርሕ ተቀበለ። «አገር ተሸጠ» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ በኅዳርም ረቂቁ ተመለሰ። በ2024 የጠቅላይ ሚኒስትር ስሬታ ታቪሲን መንግሥት የኪራይ ዘመን ወደ 99 ዓመት፣ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው የውጭ አገር ሰዎች ድርሻ ወደ 75 ከመቶ ከፍ ቢል ምን እንደሚሆን የአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲያጠና አዘዘ። ያው ጩኸት እንደ ገና ተሰማ።

ደጋፊዎቹ የሚሉት ቀላል የሚባል አይደለም። ሕጉ ሲከለክል ፍላጎቱ አልጠፋም፤ ወደ ጨለማ ገባ። በሕጉ ከ49 ከመቶ በላይ የውጭ ድርሻ ያለው ኩባንያ እንደ ውጭ አገር ሰው ስለሚቈጠር፣ አንዳንዶች 51 ከመቶውን በማያውቁት ታይላንዳዊ ስም አስይዘው ኩባንያ ያቋቁማሉ፤ በኩባንያውም ስም ቪላ ይገዛሉ። ይህ ወንጀል ነው። ስሙን ያበደረውም የተበደረውም እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊፈረድባቸው፣ መሬቱም እንዲሸጥ ሊታዘዝ ይችላል። በፑኬትና በሳሙይ ደሴት በእነዚህ ኩባንያዎች ላይ መንግሥት በቅርብ ዓመታት ምርመራ ሲያካሂድ ቈይቷል። ደጋፊዎቹም «በግልጽ ፍቀዱና ግብር አስከፍሉ» ይላሉ።

ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው የኑሮውን ልክ ያሳያሉ። የባሕር ዳር መሬት ለባላገሩ ከማይቀመስ ዋጋ ላይ ደርሷል፤ በዚያ ላይ 99 ዓመት የሰጠ ሰው ለልጅ ልጁ ምን ያስተርፋል? ይላሉ። የ1855ቱን ውል የሚያስታውስ ሕዝብ እንዲህ ቢል አያስገርምም።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው። «ለባዕድ መሬት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?» ብሎ ከመከራከር በፊት «የሚሰጠው መብት ግልጽ ነው ወይ? የሚመዘገብ ነው ወይ? የባላገሩ ልጅ ቤት እንዳያጣ የተደረገ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በታይላንድ እንግዳውን የጐዳው የመሬት ክልከላ ራሱ አይደለም፤ ክልከላውንስ አውቆት ገብቷል። የጐዳው በክልከላውና በሚሰጠው ተስፋ መካከል ያለው ጭጋግ ነው፤ የ90 ዓመቱ ማስታወቂያ፣ የተበደረው ስም፣ ያልተመዘገበው ውል። ባላገሩንም የጐዳው የእንግዳው መምጣት ብቻ አይደለም። በእንግዳው ገንዘብ ከተማው ሲለማ ለመምህሩ፣ ለነርሷና ለወዛደሩ በአቅማቸው የሚከራይ ቤት አብሮ አለመሠራቱ ነው።

ለአገራችን የሚተርፈው ትምህርት በዚህ ይጠቃለላል። አዋጅ ብቻውን ቤት አይሆንም። ቤት የሚሆነው መዝገቡ ንጹሕ ሲሆን፣ ድንበሩ ሲለካ፣ ውሉ ለሁለቱም ወገን በሚገባ ቋንቋ ሲጻፍ፣ የጠረጴዛው ሹምም ለሀብታሙ እንግዳና ለድኻው እንግዳ፣ ለእንግዳውና ለባላገሩ ልጅ አንድ ዐይን ሲኖረው ነው። ወጣቱ ሹም ነገ አንድ የውጭ አገር ሰው የቤት ሰነድ ይዞ በጠረጴዛው ፊት ሲቆም ሁለት ነገር ይመርምር። ይህ ወረቀት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለያዘው ሰው ምን ይለዋል? ዛሬስ በዚያው መንደር ቤት የሚፈልገውን የአገር ልጅ ወዴት ይገፋዋል? ለሁለቱም የሚበቃ መልስ ያለው መንግሥት እንግዳውን ተቀብሎ ርስቱንም ጠብቆ መኖር ይችላል።